ፖፕሊን የማይዘው

ጥርሴን ልነቀል ጤና ጣቢያ ስሄድ በሩ ላይ ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊው ጋር ተገጣጠምን። የአራት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ታቅፈዋል። ልጅቷ ከወር በላይ ሲያስቀምጣት ከርማ አጥንቷ ቀርቷል።

«ድና አልነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«መድኃኒቱን ጨርሳ ድና ነበር፤ ይኸው አገረሸባት። የሰው ዓይን ነው እንጂ ከኔ ቤትስ ቆሻሻ ውሃ አይጠጣም።»

ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ዝም ማለት አይሆንለትም። ጥርሴን ረስቼ ተከትያቸው ላቦራቶሪ ገባሁ።

ባለሙያዋ ወጣት ናት። «አባባ፣ ውሃ ታፈላላችሁ?» አለቻቸው።

«ለምኑ ብዬ? በአራት እጥፍ ፖፕሊን አጠልለዋለሁ። አርባ ዓመት ጨርቅ የዳሰሰ እጅ ነው የመረጠው፤ አቧራ እንኳ አያሳልፍም።»

«አቧራውን ይያዝ፤ ከሰገራዋ ያገኘሁትን ይሄን ግን አይዝም። ይምጡ፣ በአጉሊ መነጽሩ ይዩት።»

«መነጽር ካደረግሁ አሥር ዓመቴ ነው ልጄ፤ መርፌው ዛሬም ይወጋኛል» አሉና እያጉረመረሙ ጎንበስ አሉ። «ዓይን አለው እንዴ? ያየኛል እኮ።»

«ዓይን አይደለም፣ ሁለት አስኳል ነው። ጃርዲያ ይባላል፤ መላ አካሉ አንዲት ህዋስ ናት። በስምንት ቀጫጭን ጭራ ይዋኛል፤ ሆዱ ላይ ባለው ጎድጓዳ መጣበቂያ ደግሞ አንጀቷ ላይ ይለጠፋል። ከሰውነት ሲወጣ ጠንካራ ልባስ ለብሶ ይወጣል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ልባሱ በቀጫጭን ክር የተጠላለፈ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሳምንታት ያቆየዋል።»

«ሸማኔ ነው በይኛ። ታዲያ በኔ ጨርቅ እንዴት አለፈ?»

ከዚያው ጨርቅ ቁራጭ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ባለሙያዋ ተቀብላ መነጽሩ ሥር አደረገችው። ሰውየው ጎንበስ ብለው አዩ። እኔም አየሁ፤ ክሩ ገመድ አክሏል፣ በአንዱ ቀዳዳ ሁለት ሦስት ጃርዲያ ጎን ለጎን ማለፍ ይችላል።

«አራት እጥፍ ቢሆንስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ጥቂቱን ያስቀር ይሆናል። ለመታመም ግን አሥር እንኳ ይበቃል።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «በገዛ እጄ ነዋ ያጠጣኋት።»

የተዘጋጀ ምክር ነበረኝ፤ ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት።

«እንኳን ዛሬ አወቁ፣ አባባ» አለች ባለሙያዋ። «አሁን የሚሰጣትን መድኃኒት ትጨርስ፤ ውሃው ይንተክተክ፣ ማሰሮው ይከደን፣ ከመጸዳጃ የተመለሰ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ከፈላ ውሃ የሚተርፍ ጃርዲያ የለም።»

ሦስት ሳምንት ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። ልጅቷ በእግሯ መጥታለች፤ ጉንጯ ሞልቷል። ስታስታምማት የከረመችው እናቷ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ቤቱ ውስጥ እንቅልፍ ገብቷል። «ራበኝ» እያለች የአያቷን ኮት ስትጎትት ሽማግሌው በደስታ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም እፎይ አልኩ።

«ያንን ጨርቅ ለስድስት ቤት ሰፍቼ ሰጥቼ ነበር» አሉኝ። «ከቤት ቤት እየዞርኩ፣ ተሳስቻለሁ አፍሉ እያልኩ ለቀምኩት። አምስቱን አገኘሁ።»

«ስድስተኛውስ?»

እጃቸውን ዘረጉ። «አንተ ጋ ነው፣ መምህር።»

ሠላሳ ዓመት ሰው ሳስተምር የኖርኩት ሰውዬ ጨርቁን ከእንስራዬ አፍ ፈትቼ ሰጠኋቸውና ውሃ ጣድኩ።