ጭን ቀይ አልተቀባም

ወዳጆቼ፣ ተቀምጬ ብናገር ቅር አይበላችሁ። ከጠዋት ጀምሮ ከመዋኛው ፓምፕ ጋር ስታገል ውዬ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል። ደግሞ ጥር ነው፤ ውጭው ጨለማ፣ ነፋሱ በር የሚገነጥል። ለኦድኒ የጡረታ ሽኝት ንግግር የሚያምርበት ሰው ፈልጉ ብዬ ነበር። "ቶርላኩር፣ ከእሷ ጋር ከሁላችንም በላይ የሠራኸው አንተ ነህ" ተባልኩ። እሺ፣ ይሁን።

ኦድኒ እዚህ መዋኛ የሴቶቹ ሻወር ጠባቂ ሆና ሥራ የጀመረች ቀን ሻወሩ ተበላሽቶ ነበር። ሰው የለም ብዬ መፍቻዬን ይዤ ስገባ አንዲት የማላውቃት ሴት ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

"ወዴት ነው?"

"ወደ ውስጥ ነዋ!"

"ታጥበሃል?"

"ኧረ እኔ ሻወሩን ልጠግን ነው የመጣሁት!"

"ጥሩ። ጠግነህ ስትጨርስ ትታጠባለህ።"

አትሳቁ። ፎጣ አቀብላኝ ፊቷን አዞረች፤ ታጠብኩ እንጂ ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲህ ሳይታጠብ ውሃ የገባ ሰው የለም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ታውቁታላችሁ፤ ያ ራቁቱን የቆመው፣ ራሱ፣ ብብቱ፣ ብልቱና እግሩ ቀይ የተቀባው ሰውዬ። ሳሙና መንካት ያለበት ቀዩን ነው። ኦድኒ ለዚያ ሥዕል ዘብ ቆመችለት። የከንቲባውን እናት እንኳ "እማማ፣ ብብትዎ ቀርቷል" ብላ ከበር መልሳቸዋለች። እማማ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኟት ክንዳቸውን አንሥተው ያሳዩዋታል።

እኔ የሴቶቹን ክፍል የማውቀው በቱቦው በኩል ነው። የገና ሥጋ ተበልቶ ጥር ሲገባ የዚህ ከተማ ሴት ሁሉ ጭኗን መመርመር ትጀምራለች። ሴሉላይት! ያ ጭንና መቀመጫ ላይ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎድጎድ የሚለው ነገር። ከዚያ መድኃኒቱ ሁሉ ወደ እኔ ይወርዳል። አንድ ዓመት የቡና አተላ ነበር። ቡናውን ጠጥተው ሲያበቁ በአተላው ጭናቸውን ያሻሉ፣ ቱቦው ይደፈናል፣ ቶርላኩር ሊከፍተው በሆዱ ይተኛል። በዓመቱ የባሕር አረም መጣ። ቀጥሎ የብሩሽ ፀጉር። ቀጥሎ ያ ሽታው የሚያውድ ዘይት፤ እኔንም ራሴን አንሸራትቶ ጥሎኛል። ሰለቸኝ፣ እውነቴን ነው። አንድ ቀን ከቱቦው ቀና ብዬ "ኦድኒ፣ ለመሆኑ ይሄ ነገር ይጠፋል?" አልኳት።

ለካ እሷም ሰልችቷት የጤና ጣቢያውን ነርስ ጠይቃ ኖሯል።

"አይጠፋም" አለችኝ። "ከቆዳ ሥር ስብ አለ፤ ቆዳውን ወደ ታች ስበው የሚይዙ ክሮችም አሉ። ስቡ በክሮቹ መሀል ወደ ላይ ሲገፋ ቆዳው ይጎደጉዳል። ከሲታም ትሁን ወፍራም፣ አብዛኛዋ ሴት ላይ አለ።"

"አተላውስ?"

"ማሸቱ ለጥቂት ሰዓት ለስለስ ያስመስለዋል። ቅባቱም ያው ነው። መዋኘት፣ መራመድ፣ ጡንቻ ማጠንከር መልኩን ትንሽ ያሻሽለዋል። ክሮቹን የሚቆርጡ ሐኪሞችም አሉ፤ እሱም ለሁሉ አይሆንም።"

"ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?"

"እነግራቸዋለሁ እኮ! ጥር ሲመጣ ይረሱታል።"

አሁን የምነግራችሁን "ብታወራ ሙቅ ገንዳው ውስጥ እዘፍቅሃለሁ" ብላኛለች። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሥልጣን የላትም።

አባቴን ባሕር እንደበላው ታውቃላችሁ። ከጀልባ ወደቀ፤ መዋኘት አይችልም ነበር። ስለዚህ በእኛ ቤት ዋና እንደ ጨዋታ አይታይም። ልጄ ብሪንያ ግን አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ውሃውን እርም አለች። የዋና ትምህርት በደረሰ ቁጥር ሆዷን ያማታል፣ ራሷን ያማታል። ሻወር ቤት ውስጥ ልጆቹ በጭኗ ስቀውባት ነበር። እኔ ደክሞኝ ገብቼ "ሂጂ እንጂ!" ከማለት ሌላ ምን አውቃለሁ? የፓምፕ ሰው ነኝ።

ኦድኒ አንድ ቀን መዋኛው ጭር ባለበት ሰዓት ብሪንያን ጠራቻት።

"ሁሉም ጭኔን ነው የሚያየው" አለቻት ልጄ።

"እኔ የማየው ቀይ የተቀባውን ነው። ጭን ቀይ አልተቀባም፤ ማንንም አይመለከትም።"

"አንቺ ምን አለብሽ! ለብሰሽ ነው የምትቆሚው።"

ልጄ ሳታውቅ የኦድኒን ቁስል ነክታባታለች። ከተማውን በሙሉ አራቁታ ውሃ የምትሰደው ይህች ሴት ራሷ አንድ ቀን እንኳ ገንዳችን ውስጥ ገብታ አታውቅም ነበር። እኔ ጊዜ አጥታ ይመስለኝ ነበር። ለካ በጭኗ አፍራ ነው። ያን ቀን የሥራ ልብሷን አውልቃ መንጠቆው ላይ ሰቀለችና "ነይ፣ እንታጠብ" አለቻት።

እኔ ከፓምፕ ቤቱ መስኮት ሁለት ራስ ውሃው ላይ አየሁ። አንዱ የልጄ ነው። ሌላውን አላወቅሁትም፤ የኦድኒን ፀጉር ርሶ አይቼው አላውቅማ! ሳውቃት መፍቻዬን አስቀምጬ አለቀስኩ።

ብሪንያ ዛሬ ማታ እዚህ የለችም። እንደ አያቷ ባሕር ላይ ናት፤ ዓሣ ታጠምዳለች። እሷ ግን መዋኘት ትችላለች። ኦድኒ፣ እንደዛሬው ነፋሱ ሲነሣ እኔ እንቅልፍ የሚወስደኝ በአንቺ ነው። አመሰግንሻለሁ። ከዚህ በላይ የምልበት አቅም የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከዚያ ቀን ወዲህም የምትዋኚው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። መብራቱን የማጠፋው እኔ ነኝና አውቃለሁ። ነገ ግን ሰው ሞልቶ ሳለ ነይ። ውሃውን አሙቄ እጠብቅሻለሁ። ጭንሽን የሚያይ ካለ ሥዕሉን እናሳየዋለን።

በሉ ብርጭቆ አንሡ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ጉልበትሽ አይክዳሽ፣ ጡረታሽ የዕረፍት ይሁንልሽ። ለኦድኒ!

ደግሞ ታጥበሽ ግቢ። በሩ ላይ የምትቆመውን አዲሷን ልጅ ያሠለጠንሻት አንቺ ነሽ፤ ምሕረት አታውቅም።