«ኮምፓቲብል» የተባለው በሽታ

«ዝናቡስ ዘንድሮ ሳይጠሩት መጣ፤ አይደል ተጂቱ?… ማሩ እንዴት ሆነላችሁ? አበባው ሳይረግፍ ደረሰላችሁ?… ተመስገን ነው።»

ሮማነወርቅ ይህን የምትለው ከሁሩሙ ገበያ ወደ መቱ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ፣ የበርበሬ ጆንያዋን በእግሮቿ መሃል አቁማ ነው። አጠገቧ ያለችው ተጂቱ የሁሩሙ ማር ነጋዴ ናት፤ ደንበኛዋም ወዳጇም። ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል አንድ ወጣት ጎንበስ ብሎ ገባና ከፊታቸው ባለው ወንበር ተቀመጠ። ዞር ሲል ሮማነወርቅን አያት፤ ሰላምታው አፉ ላይ ቀረ። ሊወርድ ብድግ ብሎም ነበር፣ ግን ረዳቱ ከኋላው ሌላ ሰው አስገብቶ በሩን ዘጋው።

ፋሲል ነው። ይህ ልጅ ለሮማነወርቅ ልጅ ለህሊና ሽማግሌ ልኮ፣ የሰርግ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን ሐሳቡን ቀይሮ ቀረ። ሮማነወርቅ ያገኘችው ቀን ምን እንደምትለው ስንት ሌሊት ስታሰላስል ከርማለች፤ በጥፊ ልትለው ሁሉ አስባ ነበር። አሁን ግን አዲስ የተላጨ ማጅራቱን ከፊቷ ስታይ ድምጿ ለራሷ እስኪገርማት ድረስ ለሰለሰ። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች የመቱ ሽሮና በርበሬ ሱቋ ደንበኞች መሆናቸውንም አልረሳችም። ትንሽ ጮክ ብላ ቀጠለች።

«እኔ የሚገርመኝ ትምህርት ነው ተጂቱ… ሰው ፈረንጅ አፍ ለማወቅ ኮሌጅ ገብቶ ስንት ይለፋል። እኔ የማውቀው አንድ ብርቱ ልጅ ግን ከኛ ቤት ሶፋ ሳይነሳ ተማረው። በልጄ ስልክ፣ በልጄ ኢንተርኔት… እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ‹ይሄ ማለት ቀጭን ነው፣ ይሄ ማለት ልስልስ ያለ ነው› እያለችው። ቪዲዮው ላይ ፈረንጁ አዲስ ስልክ ከካርቶኑ ያወጣል፣ ያገላብጣል፣ ይደባብሳል፣ ያወራል… ልጁም አብሮት ያወራል። ጎበዝ ነው እኮ። አንድ ቃል አያመልጠውም… ስለ ስልክ የሚባል ቃል ከሆነ።

«ዶሮ ወጤን ‹ፕሪሚየም ነው› አለልኝ። ማን ይጠላል? የቤታችንን በር ‹ስሊም ነው› አለው… ጠባብ ነው፣ እውነቱን ነው። ጎረቤታችን ጋሼ አራርሳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዕድሜ ጠግበው ሲያርፉ ለቅሶ ቤት ድረስ መጣ። ልጆቻቸውን ምን ብሎ አጽናናቸው መሰለሽ?… ‹ባትሪ ላይፋቸው ግን አሪፍ ነበር።› ያልተማረ ሰው እንዲህ አድርጎ ማጽናናት ይችላል?»

ተጂቱ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ፋሲል ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ መልሶ ከተተው።

«እንዲህ ያለ ልጅ ሽማግሌ ሲልክ እምቢ ይባላል?… እሺ አልን። ቀን ተቆረጠ። ድንኳኑን የት እንደማስተክል ሳስብ፣ የሽማግሌዎቹ አባት ጋሼ ደርበው ብቻቸውን መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው… ‹ልጁ ሰርጉ ይቅር ብሏል› አሉኝ። ምነው ጋሼ? ስላቸው፣ አንዲት ቃል ይዘዋል፤ እንዳትጠፋባቸው መንገዱን ሙሉ ሲያነበንቧት ነው የመጡት። ‹ኮምፓቲብል አይደለንም ብሏል› አሉ። ምን ማለት ነው? ብላቸው… ‹እኔስ ምኑን አውቄው፣ የምርመራ ነገር ሳይሆን አይቀርም።›»

እዚህ ላይ ሮማነወርቅ የበርበሬ ጆንያዋን ወደ እግሯ ሳብ አደረገች። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ከሰርግ በፊት ደም መመርመር የተለመደ ነውና፣ ሰው ቃሉን በደም ተረጎመው። ወዲያው «የሮማነወርቅ ልጅ ኮምፓቲብል አለባት» ተባለ። ሱቅ የሚመጡት ሴቶች ህሊና መስፈሪያውን ስታነሳ «ሽሮውን እናትሽ ትስፈርልኝ» ይሉ ጀመር። ልጅቷ እጇን አየት አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ሱቁ ውስጥ አልታየችም። ይህ ሁሉ ሲወራ ፋሲል ከተማው ውስጥ ነበር፤ ሰምቷል። ቃሉን ግን ለአንድ ሰው እንኳ አልፈታም።

«ሰው ክፉ ነው አልልም… አንዷ እንዲያውም አዝና ጠበል ጠቁማኛለች። በመጨረሻ የነገረችኝ ልጄ ናት፣ እያለቀሰች። ‹እማዬ፣ የቻርጀር ነገር ነው› አለችኝ። የአንዱ ስልክ ቻርጀር ለሌላው አልሆን ሲል እንዲያ ይባላል አሉ። በሽታው ይኸው ነው ተጂቱ… መሰኪያ። ጥርሷን እንኳ ታማ የማታውቅ ልጅ… ዱጋ ሚቲ? እውነት አይደለም? አንቺ ታውቂያታለሽ፣ እጅሽ ላይ ነው ያደገችው።

«እኔ ልጁን አልቀየምኩትም። ‹አልፈለግኳትም› የሚለው አማርኛ ጠፍቶበት ነው… ኦሮምኛውም ጠፍቶበት ነው። በሁለቱም አፉን የፈታ ልጅ ሁለቱም በአንድ ቀን ሲከዱት ምን ያድርግ?… ፈረንጁ ደረሰለት። አሁን የገጠመችለት ልጅ ሌላ መሆኗም የእግዜር ሥራ ነው። የአንድ ስልክ መደብር ባለቤት እህት መሆኗ… አጋጣሚ ነው። እሱ እኮ ልጅቷን እንጂ መደብሩን አላየም። ባልተማረ ሰው ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚጠረጠር።»

ከኋላዋ የተቀመጠችው ሴት፣ ሽሮ ከህሊና እጅ አልቀበልም ካሉት አንዷ፣ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ «ለካ ይኼ ኖሯል» ስትል ሮማነወርቅ ሰማች። አልዞረችም። ደረቷ ውስጥ ለወራት ተቆልፎ የከረመ ነገር ግን ላላ፤ ዓይኗም ረጠብ አለ፤ በመስኮቱ በኩል የቡናውን ዛፎች የምታይ መሰለች።

መቱ መግቢያ ላይ፣ ፋሲል ሰፈሩ ገና ሳይደረስ፣ «ወራጅ አለ» አለ። ጥርት ባለ አማርኛ። ረዳቱ በሩን ከፈተለት። ልጁ ቀና ሳይል ወርዶ መንገዱ ዳር ቆመ። በሩ ሳይዘጋ ሮማነወርቅ ፊቷን ወደ ተጂቱ እንዳዞረች፣ ውጭ ድረስ በሚሰማ ለስላሳ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«ምስኪን፣ ሳይደርስ ወረደ… የማንም ልጅ ይሁን፣ ያገሬ ልጅ ነውና ልመርቀው። ትዳሩን ያቅናለት። ቤቱን ይሙላለት። ልጅ ይስጠው… ሴት ልጅ፣ እንደ ህሊና መልከ መልካም፣ እንደ ህሊና ጤነኛ። ትደግለት። ለእሷም ሽማግሌ ሲመጣ፣ እንደ አባቷ የተማረ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ልጅ ይላክባት… ያን ጊዜ ደግሞ ቃሉን ለእናቷ የሚፈታው እሱ ይሁን። አሜን በይ ተጂቱ።»