ግሪኮቹ ግንብ ሠሩ፣ እኛስ?

በፌርፋክስ አውቶቡስ ላይ፣ ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት አጠገባቸው ያለችውን ወጣት ምን እንደምታነብ ጠየቋት።

«ጥንት ግሪኮች በመርከብ ሄደው ስፔን ዳርቻ ስለመሠረቱት ከተማ ነው፣ ጋሼ። ነገ ፋይናል አለኝ።»

«ከአገሬው ጋር ተስማሙ?»

«በመካከላቸው ግንብ ሠርተው ነበር። በኋላ ሮማውያን መጥተው ሰፈሩና ሁሉም አንድ ከተማ ሆኑ።»

«ሶ፣ ገላጋይ ያስፈልጋል ማለት ነው። እኔም እድራችን ለሁለት ተከፍሎ ላስታርቅ መሄዴ ነው።»

«እናንተም ግሪክና አገሬው ሆናችሁ?»

«ኧረ ሁላችንም የአንድ ሰፈር ልጆች ነን!»

«ታዲያ በምን ተጣላችሁ?»

«በአንድነት በዓላችን ላይ ማን ንግግር ያድርግ በሚለው።»

«ብቻዎን ነው የሚያስታርቁት?»

«ሁለት ሽማግሌዎች ነን። እኔና እሱ ግን ከተኮራረፍን ቆየን።»

እኔም የዚያው እድር ሰው፣ ከተገነጠለው ወገን ነኝና፣ እንዳያዩኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።