ማክሰኞና አርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የሚጠፋው ኢንተርኔት

የምስክር ተጨማሪ ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ አለምነሽ ኩማ
ዕድሜ፦ 62
ሥራ፦ ጡረተኛ (ቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ)
አድራሻ፦ ሀዋሳ ከተማ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ቃል የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2፡40
ቃል ተቀባይ፦ ዋና ሳጅን ምንያህል ተክሌ
ጉዳዩ፦ ምስክሯ ኅዳር 27 ቀን በተጠርጣሪ ክብሩ ስንሻው ላይ የሰጡትን ቃል ስለማስተካከል

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ። ሰው አንድ ነገር ተናግሮ ወረቀቱ ላይ ሌላ ነገር ሲሰፍር ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ ቃሌ ከአፌ እንደወጣ እንዲጻፍ፣ እንዳይቀነስበትም እንዳይሳመርም ለሳጅን ምንያህል ነግሬያቸው ተስማምተናል።

ቅዳሜ ኅዳር 27 ቀን በዚሁ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጬ፣ ተከራዬ ክብሩ ስንሻው የቤቴን ኢንተርኔት ሆን ብሎ እያቋረጠ ነው፣ ሞደሙ ውስጥም ቤቴን የሚሰልልበት ነገር ጭኗል ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ማስረጃ ብዬ ደብተሬን አስረክቤያለሁ። በዚያው ቀን ክብሩ ተይዟል፤ ላፕቶፑም በኤግዚቢትነት ተወስዷል። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ከሚሠራበት ቤተ ሙከራ እስከ ነገ ሐሙስ ካልተገኘ ሥራውን እንደሚያጣ የሚገልጽ ደብዳቤ መጥቶበታል። ዛሬ የመጣሁት ያንን ቃሌን ላስተካክል ነው። እንዴት እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ከመሐል ተጀምሮ የሚገባ ነገር አይደለም።

ክብሩ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ነው። አገሩ ደብረ ማርቆስ ሲሆን እዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ይሠራል። በግቢዬ ጓሮ ያለችውን ክፍል ከተከራየ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። እትዬ እያለ ይጠራኛል። ዝምተኛ ነው። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ሰው አልወድም፤ ሆዱ ውስጥ ያለው አይታወቅም። ማክሰኞና አርብ ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሌለው ክፍሉ ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ ይቀመጣል። ሌላ ቀን እስከ ምሽት አይመጣም።

የኢንተርኔቱ መስመር የሚገባው ሳሎኔ ውስጥ ነው። ሞደሙ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ሪሲቨሩ ላይ ተቀምጦ ለግቢው ሁሉ ዋይፋይ ይሰጣል። በዋናነት የምትጠቀምበት ልጄ ሐዳሳ ናት። ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተሯ አትነሳም። ጥቅምት 23 ቀን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈባትና ክብሩን ጠራችው። እሱም የሞደሙ የውስጥ ፕሮግራም፣ ፈርምዌር የሚሉት፣ አርጅቷልና መታደስ አለበት ብሎ ሳሎኔ ውስጥ አርባ ደቂቃ ያህል ተቀመጠ። እኔም ከአጠገቡ አልተነሳሁም። እስኪያልቅ መብራት እንዳይሄድ ይጸልዩ እትዬ ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሲጨርስ አዲሱን የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። እሱም ያውቀዋል ማለት ነው ብዬ ልቤ ላይ ያዝኩት።

በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጥቅምት 25፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ላይ ኢንተርኔቱ ድርግም አለ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ራሱ ተመለሰ። አርብም እንደዚያው ሆነ። የዚያን ጊዜ ነገሩ ሸተተኝ። ደብተር አውጥቼ አራት ዓምድ አሰመርኩ፤ ቀን፣ የጠፋበት ሰዓት፣ የተመለሰበት ሰዓት፣ በግቢው ውስጥ የነበረ ሰው። ከዚያ ወዲህ አንድም ሳልዘል መዝግቤያለሁ። ማክሰኞና አርብ የጸሎት ቡድናችን እህቶች በዘጠኝ ሰዓት ቤቴ ስለሚሰበሰቡ እኔ ከቤት አልወጣም። ሳሎኑን አጽድቼ፣ ሶፋውንም ቴሌቪዥኑንም ሁሉንም በእጄ በሠራሁት ዳንቴል አልብሼ እቀበላቸዋለሁ። ሲሄዱ አቧራ እንዳይበላው አጣጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ስለዚህ ያመለጠኝ ነገር አልነበረም። እስከ ኅዳር 26 ድረስ አሥር ጊዜ ጠፍቷል። አሥሩም ማክሰኞና አርብ ነው። አሥሩንም ጊዜ ክብሩ ግቢው ውስጥ ነበር። እስቲ ማን አይጠረጥርም?

እንዲያየው ሦስት ጊዜ ጠርቼዋለሁ። እህቶች እያሉ ወንድ ልጅ ሳሎን አላስገባም፤ የጠራሁት እነሱን ሸኝቼ፣ ቤቱን ሰብስቤ ነው። ሦስቱንም ጊዜ እሱ ሲገባ ሞደሙ ወዲያው ይሠራል። አሁን ደህና ነው እትዬ ይለኛል። ይኸው፣ እሱ ሲመጣ ይድናል፣ እሱ ክፍሉ ሲገባ ይታመማል! በሦስተኛው ቀን ጭንቅላቱን እያከከ፣ “እትዬ፣ ማክሰኞና አርብ እዚህ ቤት ውስጥ የሚለየው ነገር ምንድን ነው?” አለኝ። “አንተ ነህ” አልኩት። ፊቱ ቀልቶ ወጣ። ይህንንም የጥፋተኛ ምልክት ነው ብዬ ደብተሩ ላይ ጻፍኩ።

ኅዳር 14 ቀን ሐዳሳ የሞደሙን ገጽ ከፍታ ከመስመራችን ጋር የተገናኙትን ዕቃዎች ዝርዝር አሳየችኝ። አምስት ናቸው። አራቱ ስም አላቸው፤ አምስተኛው ቁጥር ብቻ ነው። ደሜ ፈላ። ክብሩን ጠርቼ ይህን ሌባ አሁኑኑ አስወጣ አልኩት። የማን እንደሆነ ሳናጣራ ባንዘጋው ይሻላል አለ። ማንን ደብቀህ ነው ብዬ ጮህኩበት፤ ዘጋው። በዚያው ምሽት በዋይፋይ ብቻ የሚሠራው የስልኬ ኢንተርኔት እምቢ አለ። ተበቀለኝ አልኩ። በማግስቱ ስልክዎን ልየው ብሎ ቢጠይቀኝም አልሰጠሁትም፤ ምን ቆርጦኝ! ሐዳሳም ስለ እሱ መሟገት ስታበዛብኝ ከእሱ ጋር እንዳትነጋገር ከለከልኳት። በእውነት ለመናገር በመካከላቸው ሌላ ነገር አለ ብዬም ጠርጥሬ ነበር። የለም።

አርብ ኅዳር 26 ቀን በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሐዳሳ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበራት። ስድስት ወር የጠበቀችው ነው። በኢንተርኔት ፊት ለፊት እየተያዩ የሚደረግ ነው። ኢንተርኔቱ ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ጠፋ። የስልኳ ዳታ እኛ ግቢ ውስጥ አይዘልቅም። ክፍሏ ስገባ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። በማግስቱ እዚህ መጣሁ። የተናገርኩትንም ተናገርኩ።

እሑድ ኅዳር 28 ቀን የክብሩ እናት ወ/ሮ ጥሩወርቅ ከደብረ ማርቆስ ደወሉልኝ። ቤቱን ሲከራይ ቁጥሬን ለእሳቸው ሰጥቷቸው ነበር። ስልኩ ዝግ ሆነብኝ፣ ልጄ ደህና ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም “ደህና ነው፣ ኔትወርክ የለም” አልኳቸው። አመሰገኑኝ። እስከ ረቡዕ ድምፁን ካልሰሙ ተሳፍረው እንደሚመጡ ነገሩኝ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምሳ አልበላልኝ አለ። ልጁ ጥፋተኛ ከሆነ እኔን ምን አስዋሸኝ የሚል ሐሳብ መጣብኝና ገፋሁት።

ትናንት ማክሰኞ ኅዳር 30 ቀን እህቶች መጡ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ሐዳሳ ክፍሏን ከፍታ በር ላይ ቆመችና፣ “እማዬ፣ ሰውየው እኮ ታስሯል፤ አሁን ማን አጠፋው?” አለችኝ። መጀመሪያ የመጣልኝ ከጣቢያ ሆኖ በርቀት ያጠፋዋል የሚል ነበር። ላፕቶፑ እዚህ ተቆልፎበት እንዳለ ሳስታውስ ተውኩት። ሐዳሳ እኔን ሳትጠይቅ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ የጥገና ሱቅ ያለውን ኤልናታንን ጠራችው። ጸሎታችን ሳያልቅ ደረሰ። በዕለቱ ከልካይ አልሆንኩም፤ እኔም ማወቅ ፈልጌያለሁ።

ኤልናታን በሹክሹክታ ሞደሙ የታለ አለኝ። ጠቆምኩት። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለውን ዳንቴል በሁለት ጣቱ አነሳው። ያንን ዳንቴል ለሞደሙ ብዬ የሠራሁት በጥቅምት ወር የጸሎቱ ተራ እኔ ቤት ሲደርስ ነው። ቅርጹን እንዲይዝ ወፍራም ገበር አድርጌበታለሁ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል የእህቶች ዓይን ከጸሎት እንዳይወጣ ብዬ ነበር። ኤልናታን ሞደሙን ነክቶ እጁን መለሰ። እሳት ሆኗል፣ ይሄን ማን አለበሰው አለ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። እህት ፍሬሕይወት ዓይኗን ገልጣ፣ “አለምነሽ ናት እንጂ፣ እጇ ይባረክ!” አለች። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ምርቃት የለም።

ኤልናታን ሞደሙን ከሪሲቨሩ አውርዶ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መብራቶቹ ሁሉ በሩ። በሐዳሳ ኮምፒውተር የውስጡን መዝገብ ከፍቶ እያንዳንዱን መጥፋት ከነሰዓቱ አሳየኝ፤ በቃሌ ከያዝኩት የደብተሬ መዝገብ ጋር አንድ ነው፤ ምክንያቱ ሙቀት ይላል። ክብሩ የጫነው ፈርምዌር ትክክለኛው እንደሆነ፣ የሚሰልል ነገርም እንደሌለበት ነገረኝ። እንዲያውም አዲሱ ፈርምዌር ሞደሙ ሲግል ራሱን እንዲያጠፋ ስለሚያደርገው ነው እንጂ አሮጌው ቢሆን ኖሮ ሞደሙ ከነዳንቴሉ ይቃጠል ነበር አለኝ። ከዚያ የተዘጋውን ቁጥር ከፈተው። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። ያ ሌባ ያልኩት የእኔው ስልክ ነው።

የሁለት ሳምንት መልእክት ተከታትሎ ገባ። ከመሐሉ ክብሩ ኅዳር 17 ቀን በቴሌግራም የላከልኝ አለ። ስልኬን ለሳጅኑ ሰጥቼ ቃል በቃል ተገልብጧል፦ “እትዬ፣ ሞደሙ ሳይግል አይቀርም። ማክሰኞና አርብ የሚደረብበት ነገር ካለ ያንሱለትና ይሞክሩት። ፊት ለፊት ብነግርዎ ስለማይወዱ ነው የጻፍኩልዎ።” ይህ ከመታሰሩ አሥር ቀን በፊት ነው። እንዳይደርሰኝ ያስዘጋሁት እኔው ራሴ ነኝ። ወይ እኔ!

ኤልናታን ሲወጣ ልሸኘው እስከ በር ሄድኩ። የክብሩ ነጭ ጋዋን ከቅዳሜ ጀምሮ ገመዱ ላይ ነው። በአጠገቡ ስመላለስ አራት ቀን አልነካሁትም። ወሰድኩት፣ አጠብኩት፣ ተኮስኩት። ነገ ሥራ ሲገባ እንዲለብሰው ይዤው መጥቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሳጅኑ ደብተሬን መልሰው አሳዩኝ። አራተኛው ዓምድ ላይ ክብሩ አለ፣ ሐዳሳ አለች፣ የእህቶች ስም ሳይቀር ተጽፏል። የእኔ ስም በአንዱም ረድፍ የለም። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የጎደለ መዝገብ ቢቀርብልኝ ወርውሬ እመልሰው ነበር። ስሜን ልሙላበት ብል ኤግዚቢት ላይ አይጻፍም ስላሉኝ እዚህ ይመዝገብልኝ፦ በአሥሩም ቀን ቤት ውስጥ ነበርኩ። ሞደሙን ያፈንኩት እኔ አለምነሽ ኩማ ነኝ። ክብሩ በዚህ ነገር ውስጥ የለበትም፤ ከነገ በፊት እንዲለቀቅልኝ እለምናለሁ። ይቅርታ መጠየቅ አልለመደብኝም፤ ግን አፈርኩ። እሱን ለማየትም ፈራሁ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሁለት ቦታ አሳርሜያለሁ። በቅዳሜው ቃሌ የጠረጠርኩትን ያየሁት አስመስዬ ተናግሬ ነበር። በዛሬው ውስጥ ያየሁት፣ የሰማሁትና ያጠፋሁት ብቻ አለ። ማንም አላስገደደኝም፤ በሕግ ቢያስጠይቀኝም እጠየቅበታለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ አለምነሽ ኩማ (ፈርመዋል)
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ምንያህል ተክሌ (ፈርመዋል)

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፦ ተጠርጣሪው የሚለቀቅበት ጥያቄ ከዚህ ቃል ጋር ለዐቃቤ ሕግ ተልኳል። ምስክሯ ከፈረሙ በኋላ ከጠዋቱ 4፡05 ላይ ስልካቸው ጠርቷል። ደዋይዋ የተጠርጣሪው እናት ነበሩ። ምስክሯ አላነሱትም፤ “እኔ ከእንግዲህ አልዋሻቸውም፣ እሱ ያንሳው” ብለው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ተጠርጣሪው ከማረፊያ ክፍል እንዲመጣ ተደርጎ በፊቴ አንስቷል። ምስክሯ እሑድ ለእናቱ ምን እንዳሏቸው የነገረው ሰው አልነበረም። በመጀመሪያ ያለው፣ “እማዬ፣ ደህና ነኝ፤ እዚህ ኔትወርክ አልነበረም” የሚል ነው። ምስክሯ እያለቀሱ ይህም ቃሌ ላይ ይግባልኝ ስላሉ ገብቷል።