ስልክ የማያነሳው ባለሙያ

ሰው የሸሸው ነገር ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሸሽቶ በተጠጋበት ጥግ ነው። አቶ ተክለማርያም ይህን የተማሩት በስተርጅና፣ ከዲንሾ ወደ ሮቤ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ መስኮት ላይ ተለጥፈው እንደተቀመጡ ነው። ዲንሾ የሄዱት ለቅሶ ለመድረስ ነበር። ብርዱ ገና ከአጥንታቸው አልወጣም፤ ጋቢያቸውን እስከ ጆሮአቸው ስበው፣ ማንም እንዳያናግራቸው ዓይናቸውን ወደ ገብሱ ማሳ ልከዋል።

ከጎናቸው መነጽር ያደረገች ወጣት ተቀምጣለች፤ ከወጣቷ ቀጥሎ ደግሞ ሻርፗን ጥብቅ አድርጋ የጠመጠመች፣ እጆቿ በሥራ የሻከሩ ገበሬ ሴት አለች። ወጣቷ ሰቢሪና ትባላለች። ሮቤ ባለው የገበሬዎች ዩኒየን በኮምፒውተር ባለሙያነት ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም። ገበሬዋ ሞሚና የዲንሾ ሰው ናት፤ ዩኒየኑ ድረስ ሄዳ ልትጮህ ነው የተሳፈረችው። ሰቢሪና ማሳዋን በዓይኗ አይታ ስትመለስ አብራት ወጥታለች።

«እስኪ ደግሞ ልሞክረው» አለች ሰቢሪና፣ ስልኳን እያወጣች። «እንደማያነሳ አውቃለሁ፤ ግን ልቤ አላርፍ አለኝ።»

ደወለች። ከአቶ ተክለማርያም ጋቢ ሥር ስልክ ጮኸ።

ሽማግሌው እጃቸውን በጋቢው ውስጥ ሰደው አፈኑት። ሰቢሪና ቀና ብላ አየቻቸው፤ ዘጋችና እንደገና ደወለች። ስልኩም እንደገና ጮኸ። በሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ።

«ጋሽ ተክለማርያም እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እኔ ከዩኒየኑ ነኝ። ሰሞኑን ሙሉ ስደውልልዎት የከረምኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ልጄ። የቢሮ ቁጥር ነው። የቢሮ ቁጥር አላነሳም። ሲሸኙኝ ጋቢ አለበሱኝ፣ ይኸው ለብሼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እኔና እነሱ አንተዋወቅም።»

እዚህ ላይ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባል። አቶ ተክለማርያም የጎባ ሰው ናቸው። ሙሉ የሥራ ዘመናቸውን የዩኒየኑን የገበሬዎች መዝገብ በኮምፒውተር ሲይዙ የኖሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ይሠሩበት የነበረው ዳታቤዝ መልቲቫልዩ የሚባለው ዓይነት ነው። በሌላው ዳታቤዝ አንድ ክፍል አንድ ነገር ብቻ ይይዛል፤ በዚህኛው ግን አንዱ ክፍል ብዙ ይችላል። የገበሬው ስም አንዴ ከገባ ማሳዎቹ ሁሉ፣ የየማሳው ዘርና የየማሳው በሽታ ከሥሩ ይደረደራሉ። በአንድ ደጅ ገብቶ የቤቱን ሰው በሙሉ እንደማግኘት ነው።

እሳቸው ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ሥራ አስኪያጁ ባዳሳ አዲስ ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ከአዲስ አበባ አስመጣ። የድርጅቱ ባለሙያ መዝገቡን ወደ አዲሱ ሲያዛውር በደጁ ገባ፣ መጀመሪያ ያገኘውን ሰው መዘገበ፣ ደጁን ዘግቶ ወጣ። ማሳው ብዙ የሆነ ገበሬ ሁሉ ባለ አንድ ማሳ ሆኖ ቀረ። ጉዱ የታወቀው በባሌ ቦና ለሚባለው የመኸር እርሻ ዘር ማደል ሲጀመር ነው። ሙሉውን መዝገብ የያዘው አሮጌው ኮምፒውተር በዕቃ ቤት አለ፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት ግን አቶ ተክለማርያም ብቻ ናቸው።

«ሲናና ወረዳ ውስጥ ማሜ የሚባል ገበሬ አለ» አለች ሰቢሪና። «ያርሰው ከነበረው የአንዱን ማሳ ዘር ብቻ ሰጥተን ሸኘነው። ‹ሌላም አለኝ› ቢል ‹ኮምፒውተሩ የለህም ይላል› አልነው። በሰው ፊት ውሸታም አደረግነው! አሁን ዝናቡ ገብቷል፤ የቀረው መሬቱ ጦሙን አደረ። የዘር እደላው ነገ ያልቃል። እነ አዴ ሞሚናስ?» ብላ ከጎኗ ያለችውን ሴት አሳየች።

«ይህን ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም። ያዛወረውን ጠይቂ።»

«ሲያዛውር እርስዎ እዚያው ነበሩ?»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ነበርኩ።»

«የመጀመሪያውን ብቻ እየወሰደ እንደሆነ አላዩም?»

«አይቻለሁ። እሱም አልጠየቀኝም፣ ባዳሳም አልጠየቀኝም። ሙያ በልብ ነው አልኩና ዝም አልኩ።»

ሰቢሪና መነጽሯን አወለቀች። ታላቅን ማክበር ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ ግን አክብሮቱ ከአንደበቷ ባይጠፋም ከድምጿ ጠፋ።

«ሙያ በልብ! ሙያ በልብ ማለት ሳይፎክሩ መሥራት ማለት እንጂ፣ ሰው ገደል ሲገባ አፍን ዘግቶ መመልከት ማለት ነው እንዴ ጋሼ? ይህንን ተረት ስንቱ ክፉ ሰው እንደ ጋሻ ያነግበዋል!»

«አንቺ ተማርሽ እንጂ አልደረሰብሽም!» ብለው ጮኹ አቶ ተክለማርያም። «በስብሰባ ላይ ‹ይህ የሙዚየም ዕቃ ነው፣ ሙት ቴክኖሎጂ ነው› አሉኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ። ባዳሳ ሳቀ! ሚስቴ በታመመች ጊዜ እንኳ ያልተለየሁትን ሥራ ሙት አሉት። እሺ፣ ሙት ከሆነ ከሙት ምን ትፈልጋላችሁ?»

«ሙት አይደለም። አለመሞቱን አለማወቅዎ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። በዚሁ ዓይነት ዳታቤዝ የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ በኢንተርኔት ይገናኛሉ፣ ዜና ያወጣሉ። ማን ምን እንዳሻሻለ፣ ስልጠና መቼ እንደሚሰጥ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት ሰው እንደሚፈልግ ይናገራሉ። በዚሁ የሚሠራ ፋብሪካ አለ፣ መጋዘን አለ፣ ሆስፒታል አለ። ባለሙያዎቹ እያረጁ ‹ሰው ጠፋ፣ ወጣት አምጡልን› እያሉ ይጮኻሉ። እርስዎ ጎባ ቁጭ ብለው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ ይላሉ!»

«ማን ነገረሽ?»

«ችግሩ ሲደርስብን ጽፌላቸው ነዋ። ሳይመሽ መልስ መጣ። ባሕር ማዶ ያሉ፣ በዕድሜ እርስዎን የሚያህሉ አንድ ሰው፣ የልጅ ልጃቸው ስልኩን ይዞላቸው፣ መዝገቡ እንዴት ሳይቆረጥ እንደሚወጣ በቪዲዮ አሳዩኝ። መጨረሻ ላይ ግን ‹ቁልፉ ያለው ከያዘው ሰው ዘንድ ነው፤ ለምነሽ አምጪው› አሉኝ።»

«በነፃ? ፈረንጅ በነፃ አያስተምርም። የሚፈልገው ነገር አለ።»

«እርስዎ እድር የገቡት ምን ፈልገው ነው? ዛሬ ሌላውን ይቀብራሉ፣ ነገ ይቀበራሉ። እሳቸውም ዛሬ ለእኔ መለሱ፣ ነገ እኔ ለሌላው እመልሳለሁ።»

አቶ ተክለማርያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በልባቸው የታሰረው ነገር ይህ ነበርና፣ እንደ መናዘዝ አድርገው አወጡት። «ሙያዬን ለመጣው ሁሉ ካደልኩት እኔን ማን ይፈልገኛል?»

«ደብቀውት ማን ፈለገዎት? በጋቢ አይደል የሸኙዎት?»

በአገራችን ባለሙያ በሞተ ቁጥር ሙያው አብሮት የሚቀበረው በዚህ ፍርሃት ነው። ወጌሻው መድኃኒቱን ለልጁ አይነግርም፤ ጸሐፊው የፋይሉን ቦታ ለተተኪው አያሳይም። ከዚያ ሁላችንም ተሰብስበን «አይ የድሮ ሰው!» እያልን እናለቅሳለን። ማልቀስስ ለራሳችን ነበር።

ሞሚና ወደ ሽማግሌው ዞረች። አማርኛዋ «አንቱ» አይልም፤ ለንጉሥም ቢሆን «አንተ» ነው።

«ማሎ፣ እባክህ ኦቦ፣ እኔም ልናገር። ዩኒየኑ ‹የማውቅሽ በላይኛው ማሳ ብቻ ነው፣ የገብስ ዘር ውሰጂና ሂጂ› አለኝ። ታች ያለው መሬቴስ? ልጆቼ የሚበሉት ከታችኛው ስንዴ ነው።»

«ከወንዙ ዳር ያለው» አሉ አቶ ተክለማርያም ሳያስቡት። «አምና ዋግ የመታው። ሌላው ደግሞ ከመንገዱ በላይ፣ ከወንድምሽ መሬት ጋር የሚዋሰነው።»

ሞሚና አፏን ከፍታ አየቻቸው። «ታውቀኛለህ?»

«ስምሽን ያስገባሁት እኔ አይደለሁ?»

ሽማግሌው ይህን ሲሉ ፊቷ የሚፈታ መስሏቸው ነበር። እርሷ ግን ደሟ ፈላ።

«ወላሂ፣ የማታውቅ መስሎኝ ይቅር ልልህ ነበር! የወንዙን ዳር ታውቃለህ፣ የወንድሜን ድንበር ታውቃለህ፣ እያወቅህ ስልኩን አላነሳ አልክ? ባዳሳ ነው የሳቀብህ። ባዳሳ ማሳ የለውም፣ ደመወዙም አልቀረበትም። ቂምህን ወደ እሱ ወረወርክ፣ እኔን መታህ!»

ረዳቱ እንኳ ሒሳብ መቀበሉን ተወ። አቶ ተክለማርያም ወደ ውጭ ተመለከቱ። ከመስኮቱ ውጭ የታረሰው መሬት በዝናብ ርሶ ጠቁሯል፤ ዘሩን የሚጠብቅ ማሳ ነው። ፊታቸው በኀፍረት ጋለና ጋቢውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ሮቤ ስንደርስ ወደ ቢሮው በየት በኩል ይቀርባል?» አሉ። መንገዱን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ አብሬያችሁ እሄዳለሁ ማለታቸው ነው።

ቢሮው ሲደርሱ ባዳሳ አይቷቸው እጁን ዘርግቶ ከወንበሩ ተነሣ። እጁን አልያዙትም። «አንተ ሳቅህብኝ፣ እኔ ዝም አልኩ፤ ሁለታችንም የገበሬውን ጉሮሮ ዘጋን። ሰላምታው ዘሩ ከታደለ በኋላ ይደርሳል» አሉት። ዕቃ ቤቱ ተከፈተ። ከአሮጌው ኮምፒውተር ፊት ሰቢሪናን አስቀምጠው ራሳቸው ቆሙ፤ የይለፍ ቃሉንም ነገሯት። ከዚያ እያንዳንዱን ትእዛዝ ለምን እንደሆነ እያስረዱ፣ እሷ በገዛ ጣቷ እንድትጽፍ አደረጉ። ስትሳሳት ተቆጧት፤ ስታስተካክል ቀጣዩን ነገሯት። የሞሚና ስም ወጣ፣ ከሥሩም ላይኛው ማሳ፣ የወንዙ ዳር፣ ከመንገዱ በላይ ያለው። በማግስቱ እደላው ሳይዘጋ ሞሚና የስንዴ ዘሯን አስጭና ሄደች። አመሰግናለሁ አላለችም፤ የገዛ መሬቷ ነውና።

ሙያ ከልብ ወጥቶ ወደ ሰው ሲሄድ ምን እንደሚያፈራ የሮቤ ሰው በዚያ ዓመት አየ። ሥራ አጥተው በረንዳ ለበረንዳ ይዞሩ የነበሩ ምሩቃን ቅዳሜ ቅዳሜ በዩኒየኑ አዳራሽ፣ ያ ሁሉ ሰው በሳቀበት አዳራሽ፣ ከአቶ ተክለማርያም ይማራሉ። ከማኅበሩ የሚመጣውን ዜና ሰቢሪና ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች ታነብላቸዋለች። ከተማሪዎቹ መካከል ለሚ እና ዙሀይራ በዚያው ዜና ባገኙት የሥራ ማስታወቂያ ተወዳድረው፣ ባሕር ማዶ ላለ መጋዘን ከሮቤ ሳይነቃነቁ ይሠራሉ። የይለፍ ቃሉን ከአንድ በላይ ሰው እንዲያውቅ ደንብ ወጣ። ሽማግሌውም ለማኅበሩ የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ላኩ፤ ዳታቤዝ ሲዛወር ምን ምን እንደሚጠፋ የሚያስጠነቅቅ ነበር። ከማያውቋቸው አገሮች ምስጋና ጎረፈላቸው። ከዚያ ወዲህ የሚጠራ ስልክ አያልፋቸውም።

አንድ ቅዳሜ ትምህርቱ ሊጀመር ሲል አቶ ተክለማርያም ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ረጅም ጊዜ ጆሮአቸው ላይ ይዘው ቆዩና ዘጉ። እንደገና ደወሉ። ተማሪዎቹ ጠበቁ።

«ማን ነው ጋሼ?» አለች ሰቢሪና ጠጋ ብላ።

«የሲናናው ማሜ ነው። መሬቱ ዳዋ ለብሶ በመንገድ ሳልፍ አየሁት። ይቅርታ ልለው፣ ለመጪው ወቅትም ማሳዎቹ ሁሉ እንደተመለሱለት ልነግረው ነበር።»

«ታዲያ?»

«ይጠራል» አሉ ሽማግሌው። «አያነሳም።»

ሰቢሪና አላጽናናቻቸውም። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፤ እሳቸውም ቁጥሩን እንደገና ነኩት።