እናቱን ያለቀቀ ወይን

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የሰው ተክል ሊነካ የመጣ ሰው መጀመሪያ በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት ዋላችሁ» ይል ነበር። ያሁኑ ግን መቀሱን አስቀድሞ ነው የሚመጣ። ታዲያ እንዴት አልናደድ?

ወይኔን ታውቁታላችሁ፣ በመስኮቴ ሥር ያለውን። እና ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ሴት ናቸው፣ «ወንድሜ፣ ከገዛ ደጄ ወይን ቆርጬ አንድ ሰንበት ብባርክበት» አሉኝ። ታዲያ ከወይኔ ሐረግ ቆርጬ ብተክልላቸው ዖርላ ነው፤ አዲስ ተክል ሦስት ዓመት ፍሬው አይበላም፣ የኦሪት ሕግ ነው። የሰማንያ ዓመት ሰው ሦስት ዓመት ይቆዩ ይባላል? እና ረቢውን ጠየቅሁ። «ሐረጉን ሳይቆርጡ ይቅበሩት» አሉኝ፤ «ከእናቱ እስካልተለየ የእናቱ ነው፣ ይበላል።»

ይህንማ ከአባቴ አውቀዋለሁ። አምና በፋሲካ ሰሞን ረጅሙን ሐረግ ጎንበስ አደረግሁት፣ ከሆዱ ቅርፊቱን ፋቅ ፋቅ፣ አፈር አለበስሁት፣ ድንጋይ ጫንሁበት፣ ጫፉን በእትዬ ዘውዴ መስኮት በኩል ቀና አድርጌ አሰርሁት። እና ሥር ሰደደ። ዘንድሮ ሦስት ዘለላ ያዘ። እትዬ ዘውዴ በየጧቱ ይቆጥሩታል፣ ሦስት መሆኑን እያወቁ። «ለዚህ ሰንበት ይደርሳል» ተባባልን።

ሐሙስ ዕለት ከጸሎት ቤት ስመለስ አቪ ቆሟል። አቪ የቫዓዱ፣ የሕንፃው ኮሚቴ ሹም ነው፤ እናቱ አበበ ያለችው ያገራችን ልጅ። መቀስ በእጁ።

«አባባ፣ አጸዳሁልዎት» ይለኛል።

«ምኑን?»

«ያን መሬት ለመሬት የሚሄደውን። ሰው ያደናቅፋል፣ ስሞታ መጣ። ደግሞ አይስጉ፣ ያኛው፣ በእማማ መስኮት ያለው፣ የራሱ ሥር አለው፣ አይሞትም።»

«ማን ይሞታል አለህ? ዖርላ አደረግኸው እኮ።»

«ምን አደረግሁት?»

ምን አደረግሁት ይላል። እዚህ በቅድስቲቱ ምድር ተወልዶ፣ እዚህ ተምሮ፣ ፊደል በጭንቅ የለየሁት እኔ አስረዳሁት። ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ይቆጠራል አልሁት። «ታዲያ ማን ያውቃል፣ ዝም ብለው ይብሉት» አይለኝ መሰላችሁ?

«የሚያውቀውማ ያውቃል» አልሁት፣ ወደ ላይ እያሳየሁ።

እና እኔ ስጮህ እትዬ ዘውዴ በመስኮት ሁሉን ሰምተዋል። ቀስ ብለው «አበበ» አሉት፤ አቪ አላሉትም። «ሦስት ዓመት የሚያጠጣው ማነው?»

አንገቱን ደፋ። «እኔ አጠጣዋለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያው እኔም ሦስት ዓመት አልሞትም። ባልዲው ያውና።»

እና ይመጣል፣ ከፋብሪካ ሲወጣ እየመጣ ያጠጣል፣ አንድ ቀን አላጓደለም። ሰላም ይለኛል፣ ዝም እለዋለሁ። ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ በጸሎቴም ይቅር በለኝ እላለሁ። ግን መጠየቅ ምን ይከብዳል? አንድ ቃል ነው እኮ።

ምን ትላለች ይቺ? «ሦስት ዓመት ሙሉ ሊያኮርፉት ነው?»

ወይኑ ሲፈቀድ እኔም እፈቅድለታለሁ።