የጭሮው ወፍጮ ቤት
ወደ ከዚራ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነን።

«እናትሽን በኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባ ልታደርሺያት?» አለ የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር፣ አጠገቡ የተቀመጠችውን ባለሱቅ።

«ነገ ጠዋት፣ ኢንሻአላህ።»

«አቦ ተይ! ደንገጎ ዳገት ላይ ግማሹን ባትሪ ትጨርሺዋለሽ።»

«ልጨርሰው፣ አዴር። ጭሮ እሞላለሁ።»

«ጭሮ ደግሞ ምን ቻርጀር አለ?»

«የአክስቴ ወፍጮ ቤት አለ። በወፍጮው የመብራት መስመር ነው የምሞላው።»

«ወፍጮው እየፈጨ? መስመሩ ሁለታችሁን አይችልም።»

«ከምሳ በኋላ ማን ይፈጫል? ሠራተኞቹ በርጫ ላይ ናቸው! ባለፈው ሳምንት ሞክሬዋለሁ፤ ቅመው ሳይነሱ መኪናዬ ጢም ብላ ሞላች።»

የድሮው ሹፌር ጭኑን መታ። «ወላሂ አሸነፍሽኝ! ሠላሳ ዓመት በዚያ መንገድ ስመላለስ፣ በርጫ ሰው ሲያስቀር እንጂ ሲያደርስ አላየሁም።»

ለነዳጅ ሰልፍ የያዝኩትን ባዶ ጄሪካን በእግሬ ወንበሩ ስር ገፋሁት።